መነጽሩ ይቆይ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በቅርቡ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ቨርቹዋልና ኦግመንትድ ሪያሊቲ መተግበሪያዎች ነው። ለማያውቁት ያህል፣ የመጀመሪያው ዓይንን በሚሸፍን መነጽር ሰውን ሙሉ በሙሉ ወደ ተሠራ ዓለም ያስገባል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ በስልክ ካሜራ በሚታየው እውነተኛ ቦታ ላይ የተሠራ ምስል ያክላል።

በደሴ ፒያሳ የቤት ዕቃ የሚሸጡ አንባቢ፣ ደንበኞች «ሶፋው ሳሎኔ ይበቃው ይሆን?» እያሉ ሳይገዙ እንደሚመለሱ ጽፈው፣ መተግበሪያ ላሠራ ወይ ይላሉ።

አያሠሩ። ለአንድ ሶፋ ሲል ዳታውን ከፍሎ መተግበሪያ የሚያወርድ ደንበኛ ጥቂት ነው። በድረ ገጽ የሚከፈት የሶፋው ስሪዲ ሞዴል፣ ማለትም ከየጎኑ የሚታይ የኮምፒውተር ቅርጽ፣ ይበቃዎታል፤ ሊንኩን በቴሌግራም ቻናልዎ ይለጥፉት፣ ደንበኛው ሲነካው ካሜራው ተከፍቶ ሶፋው ወለሉ ላይ ይቀመጥለታል። ለአንድሮይድ በጂኤልቢ፣ ለአይፎን በዩኤስዲዚ ፎርማት ይዘጋጅ፤ ፋይሉም ከጥቂት ሜጋባይት አይብለጥ። ከሁሉ በላይ ልኩ ትክክል ይሁን፤ 2 ሜትር ከ10 የሆነ ሶፋ በስልኩ ላይ 1 ሜትር ከ90 ሆኖ ከታየ፣ ዕቃው ተጭኖ ደርሶ በበሩ አልገባ ሲል ጭቅጭቁ ከእርስዎ ጋር ነው። ኤአርኮር የተባለውን የጉግል የኦግመንትድ ሪያሊቲ ሶፍትዌር የማይደግፉ ርካሽ ስልኮች ስላሉ፣ ለእነሱ ሞዴሉ በስክሪኑ ላይ እየዞረ ከነልኬቱ ይታይ።

የሶፍትዌር ምሕንድስና ተማሪ የሆነ አንባቢ፣ እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች የሚሠሩበትን ዩኒቲ የተባለ ሶፍትዌር ለመማር መነጽር መግዛት ግድ ነው ወይ ይላል።

አይደለም፤ መነጽሩን በኪቦርድና በማውዝ የሚያስመስል መሣሪያ ከዩኒቲ ጋር ይገኛል።

በኮምቦልቻ የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሥልጠና ኃላፊ፣ አዳዲስ ተቀጣሪዎች የሽመና ማሽን ሲለማመዱ ምርት እንደሚስተጓጎልና አደጋም እንደሚያሰጋ ገልጸው፣ አለቆቻቸው 10 መነጽር ለመግዛት ስለወሰኑ የትኛው እንደሚሻል ይጠይቃሉ።

ጥያቄው ከመጨረሻው ስለጀመረ ወደ ኋላ ልመልሰው። አስቀድሞ የሚመረጠው ትምህርቱ ነው። የድር ክር ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ ይቆማል፤ ሠራተኛዋ የተበጠሰውን ክር ከብዙ ክሮች መካከል ፈልጋ፣ ቋጥራና በየቀዳዳው በተራው አሾልካ ማሽኑን ታስነሣለች። ይህ የጣት ሙያ ነው፤ በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ የክሩን ውጥረት ለጣት ሊያስተላልፍ ስለማይችል፣ መቋጠርን በቨርቹዋል ሪያሊቲ አስተምራለሁ የሚል ድርጅት ቢመጣ በትሕትና ያሰናብቱት። ቅደም ተከተልና አደጋ ግን ለመነጽሩ የተመቹ ናቸው፦ ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ኃይል አቋርጦ መቆለፍ፣ እጅ የማይገባበትን ቦታ መለየት፣ የጥጥ ብናኝ እሳት ቢይዝ በየት በኩል እንደሚወጣ ማወቅ። በእውነተኛው ማሽን ላይ ማንንም እያሳሳቱ ማስተማር አይቻልም፤ በመነጽሩ ውስጥ ግን መቆለፉን የረሳ ሠልጣኝ የሚከተለውን በዓይኑ አይቶ ሳይጎዳ ይወጣል።

ቀጥሎ፣ መተግበሪያውን የሚሠሩት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ይዋሉ፤ ይህን በውሉ ላይ ያስገቡት። ማሽኑን በቪዲዮ ብቻ አይተው ጸጥ ባለ ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች፣ ትምህርቱን በጆሮ ማዳመጫ በሚሰማ ለስላሳ ድምፅ ይመሩታል። በሽመና አዳራሽ ውስጥ ግን አጠገብ ያለ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማም፤ ነባሮቹ የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነው፣ ማሽኑም የሚናገረው በመብራቱ ነው። ድምፅ መጠበቅ የለመደ ሠልጣኝ አዳራሹ ሲገባ ይደናበራል። የአዳራሹ ጩኸት ተቀርጾ ይግባ፣ ትምህርቱም በመብራትና በምልክት ይመራ፤ እያንዳንዱን እርምጃ ደግሞ መሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ ላይ ለዓመታት የሠራች ሠራተኛም ተመልክታ ታጽድቀው።

መነጽሩ ከዚህ በኋላ ይምጣ፤ እሱም 10 ሳይሆን 2። ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ 2 የተባለውን መነጽሩን ማምረት እ.ኤ.አ. በ2024 ሲያቆም፣ በዚያ መነጽር ብቻ የሚሠራ ይዘት የነበራቸው ድርጅቶች አማራጭ ፍለጋ ወጥተዋል፤ ስለዚህ የእርስዎ መተግበሪያ ለተለያዩ መነጽሮች እንዲሆን ኦፕንኤክስአር በተባለው የጋራ ደረጃ ይሠራ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚቆም መተግበሪያ አይቀበሉ። ባትሪውም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሰዓት ብዙም ስለማያልፍ፣ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት አስበው ፕሮግራም ያውጡ። ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ደግሞ አዲስ ሠልጣኞች በወር ስንት ጊዜ ከደኅንነት ደንቡ እንደሚስቱ ይመዝገብ፤ ከዚያ ግማሾቹ በነባሩ፣ ግማሾቹ በአዲሱ መንገድ ሠልጥነው ውጤቱ ይነጻጸር። ይህ ካልተደረገ፣ አለቆች መነጽር አጥልቀው ፎቶ ከተነሡ በኋላ ዕቃው ካቢኔ ውስጥ ይቆለፍበታል።

በደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሆቴል ያላቸው አንባቢ፣ ለ«ቨርቹዋል ጉብኝት» የተጠየቁት ዋጋ አስደንግጧቸዋል።

መነጽር አጥልቆ አልጋ የሚይዝ እንግዳ አላጋጠመኝም። በ360 ዲግሪ ካሜራ የተነሡና በስልክ የሚታዩ ጥቂት ፎቶዎች ይበቃሉ። ከመስኮቱ የጦሳ ተራራ የሚታይ ከሆነ ጭጋጉ እስኪገፈፍ ይጠበቅ።

ሠራተኛቸው መነጽሩን ባጠለቀ በደቂቃዎች ውስጥ እንደሚያቅለሸልሸው የጻፉ አንባቢ፣ «ስንፍና ይሆን?» ይላሉ።

ስንፍና አይደለም። ዓይን «እየሄድኩ ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ቆሜያለሁ» ይላል፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በሚኒባስ ሲወርዱ የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች የዚህን ተቃራኒ ያውቁታል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሠሪው ነው፦ ተጠቃሚው እግሩን ሳያነሣ በምስሉ ውስጥ እንዲንሸራተት ያደርጋል፣ ወይም ምስሉ በሰከንድ ከ72 ጊዜ በታች እየታደሰ ይንቀራፈፋል። ልምምዱ በአምስት ደቂቃ ይጀመር፤ ሲያመው ወዲያው ያውልቅ፣ በግድ «ይለምደዋል» አይባልም። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ብልጭ ድርግም በሚል ብርሃን ራሱን የሳተ ሰው ግን ሐኪም ሳያየው ፈጽሞ አያጥልቅ። አምራቾቹ ራሳቸው ከ4000 ሰዎች አንዱ ገደማ ብርቱ ማዞር ወይም መንቀጥቀጥ ሊያጋጥመው እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ሠራተኛዎንም ማቅለሽለሹ ካወለቀ በኋላ ከቀጠለበት ሐኪም ቤት ይላኩት፤ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

ያሠሩት መተግበሪያ ማስተካከያ ሲያስፈልገው ሠሪው ስልክ አላነሣ ያላቸው አንባቢ፣ ምን ላድርግ ይላሉ።

ዋናው የፕሮጀክት ፋይል በእጅዎ ከሌለ ሌላ ባለሙያ ብዙ ሊረዳዎት አይችልም። ለሚቀጥለው፣ የዩኒቲው ፕሮጀክት፣ ስሪዲ ሞዴሎቹ የተሠሩባቸው የብሌንደር ፋይሎችና የአካውንቶቹ የይለፍ ቃሎች በሙሉ ይሰጥዎት፤ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊትም ፕሮጀክቱ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ሲሠራ ይዩት። የውሉን ነገር ጠበቃ ያማክሩ።