የአማዞን የዓመት አባልነት ክፍያ ለድሬዳዋ ሸማች ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ነው። ታናሽ እህቴ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች። እዚህ የማላገኘውን ወይም የሚወደድብኝን ዕቃ ከአማዞን መርጬ ሊንኩን በቴሌግራም እልክላታለሁ፤ እሷም አዝዛ ቤቷ ሲደርስ ታስቀምጥልኝና ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስታገኝ ትልክልኛለች። ለዚሁ ስትል ፕራይም በሚባለው አባልነት ተመዝግባ በዓመት 139 ዶላር ትከፍላለች። አሁን የሚታደስበት ጊዜ ስለደረሰ ግማሹን እንድሸፍን ጠይቃኛለች። እህቴን ማስቀየም አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ የዶላሩን ግማሽ ወደ ብር ስቀይረው ለእኔ ደመወዝ ከባድ ሆነብኝ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?
አንባቢዎ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ባስረዱን ሁኔታ የዓመቱን አባልነት ማደስ ለእርስዎ አያዋጣም ብዬ አምናለሁ። ይህን ስል እህትዎ ወጪያቸውን እንዲጋሩላቸው መጠየቃቸውን መንቀፌ አይደለም። የእሳቸው ድካም ክፍያ የሚገባው ነው፤ ነገር ግን ለድካማቸው የሚከፈለውና ለአባልነቱ የሚከፈለው ተለያይቶ መታየት አለበት።

በመጀመሪያ ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ እንመልከት። ፕራይም በየካቲት 2005 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በዓመት 79 ዶላር ሲጀመር ለደንበኛው የገባው ቃል አንድ ነበር፤ የታዘዘው ዕቃ ተጨማሪ የማድረሻ ክፍያ ሳይጠየቅበት በሁለት ቀን በር ላይ እንዲገኝ ነው። ክፍያው በ2014 ወደ 99፣ በ2018 ወደ 119፣ በ2022 ደግሞ ወደ 139 ዶላር ከፍ ብሏል። በመካከሉ ፊልም፣ ሙዚቃና ሌሎች አገልግሎቶች ተጨምረውበታል፤ ዋናው ነገር ግን አሁንም ፍጥነቱ ነው። ይህ ፍጥነት ደግሞ የሚያበቃው ቨርጂኒያ፣ በእህትዎ ደጃፍ ላይ ነው፤ የአባልነቱ ነፃ ማድረሻ ኢትዮጵያን አይጨምርም። ካርቶኑ በሁለት ቀን ከች ካለ በኋላ መንገደኛ እስኪገኝ አንድ ወይም ሁለት ወር ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ በሁለት ቀን መድረሱም ሆነ በስምንት ቀን መድረሱ ለእርስዎ ልዩነት የለውም። እርስዎ የሚከፍሉት በማይጠቀሙበት ነገር ላይ ነው።

የማድረሻ ክፍያው ይቀርልኛል የሚለው ምክንያት ይቀራል፤ እሱም ሲሰላ ይሳሳል። በአሜሪካ ውስጥ አባል ያልሆነ ገዢም ቢሆን አማዞን ራሱ ከሚልካቸው ዕቃዎች በአንድ ጊዜ 35 ዶላርና ከዚያ በላይ ካዘዘ አብዛኛውን ጊዜ ማድረሻ አይከፍልም፤ ቀኑ ብቻ ይረዝምበታል። ስለዚህ ዛሬ የሕፃን ጡጦ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የስልክ መሸፈኛ፣ በሳምንቱ ደግሞ ቅባት እያሉ ሊንክ ከመላክ ይልቅ በደብተር እየመዘገቡ አጠራቅመው በአንድ ጊዜ ማዘዝ ብቻውን የአባልነቱን አብዛኛውን ጥቅም ይተካል። ለስሌት ያህል አንድ አነስተኛ ትዕዛዝ 7 ዶላር ማድረሻ ይጠየቅበታል ብለን እንያዝ። 139 ዶላሩ ወጪውን እንዲመልስ በዓመት 20 ያህል እንዲህ ያሉ አነስተኛ ትዕዛዞች ያስፈልጋሉ። ያለፈውን ዓመት የቴሌግራም መልእክትዎን ወደ ኋላ እየመለሱ፣ በእርግጥ የተገዙትንና ከ35 ዶላር በታች የነበሩትን ብቻ ይቁጠሩ። እህትዎ ለራሳቸው ቤት ያዘዙት በእርስዎ ሂሳብ መግባት የለበትም። በሻንጣ ብቻ ዕቃ የሚያስመጣ ሰው 20 የሚደርስ አይመስለኝም።

ብዙ ሰው የማያስበው፣ እኔም በራሴ ላይ ደርሶ ያወቅሁት ጉዳይ የመመለሻው ቀን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ የደም ግፊት መለኪያ ከአንድ የውጭ ድረ ገጽ በዘመድ በኩል አስገዛሁ። ዕቃው ቶሎ ደርሶ ነበር፤ መንገደኛ የተገኘው ግን ከአሥር ሳምንት በኋላ ነው። እሑድ ከሰዓት ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሻንጣው ተከፍቶ፣ ካርቶኑን ቀድጄ፣ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ በእናቴ ክንድ ላይ ብጠመጥመው ጫፍና ጫፉ አልገናኝ አለ። የተላከው የትንሽ ክንድ ልክ ነበር። እናቴ «ግዴለም፣ ለሌላ ሰው ይሆናል» ብላ እጅጌዋን ወደ ታች መለሰች። እኔ ግን ለሻጩ ስጽፍ የመመለሻው ጊዜ ካለፈ ስድስት ሳምንት እንደሆነው ተነገረኝ። አማዞንም ላይ ለአብዛኛው ዕቃ የመመለሻው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ዕቃው ቨርጂኒያ ከደረሰበት ቀን እንጂ ድሬዳዋ ከገባበት አይደለም። አባል መሆን ይህን ቀን አያራዝምልዎትም። እንዲያውም ዕቃው በፈጠነ መጠን ቀኑ ቀድሞ መቆጠር ይጀምራል።

ስለዚህ ከአባልነቱ ይልቅ የሚጠቅምዎት እህትዎ ካርቶኑን በደረሰ ዕለት ከፍተው፣ የዕቃውን መጠንና ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው እንዲልኩልዎ መስማማት ነው። በተለይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲሆን ይህን አይዝለሉት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ ደግሞ 220 ቮልት ነው። ጀርባው ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል፤ «120 ቮልት» ብቻ የሚል የጁስ መፍጫ ግን ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል። እንዲህ ያለው እዚያው ሳለ ቢመለስ ገንዘብዎ ይተርፋል።

ለበዓል ወይም ለወሊድ ብዙ ዕቃ የሚያስፈልግዎትና የመንገደኛው ቀን የተቃረበበት ጊዜ ቢመጣ፣ ፍጥነቱ ያኔ እውነተኛ ዋጋ ይኖረዋል። ለዚያ ግን ዓመቱን ሙሉ መክፈል አያስፈልግም፤ አባልነቱ በወር 14.99 ዶላር ይገኛል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር ብቻ ተከፍቶ ቢዘጋ 30 ዶላር ገደማ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእርስዎ 15 ዶላር ይደርስዎታል። እህትዎ ተማሪ ከሆኑ ወይም ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 ከሆነ ደግሞ በግማሽ ዋጋ የሚገኝ አባልነት ስላለ ይጠይቁ።

የብሩም ነገር አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የባንክ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዕጥፍ በላይ ሆኗል። ርካሽ ነው ብለን የለመድነው ዕቃ ሁሉ እንደገና መመዘን አለበት። ሊንክ ከመላክዎ በፊት አንድ ጊዜ ባጃጅ ይዘው ታይዋን ገበያ ይዝለቁ፤ ዋጋውንም ይጠይቁ። የጡጦ፣ የቻርጀርና የስልክ መሸፈኛ ዓይነቱ እዚያ ሞልቷል፤ ካልሆነልዎም ሻጩን በማግስቱ ሱቁ ውስጥ ያገኙታል። እህትዎን ማስቸገር ያለብዎት እዚህ በማይገኘውና ጥራቱ ለጤና ወይም ለሥራ በሚያስፈልግዎት ዕቃ ላይ ነው። አባልነት የተከፈለበት ሰው «ከተከፈለ አይቀር» እያለ የማያስፈልገውን ማዘዝ ይጀምራል፤ ይህ ከ139 ዶላሩ የባሰ ወጪ ሲሆን አይቻለሁ።

ለእህትዎ ይህን በስልክ፣ በድምፅ ይንገሯቸው፤ በጽሑፍ ሲሆን እንቢታ ይመስላል። እሳቸው ለራሳቸው ቤት አባልነቱን የሚፈልጉት ከሆነ ይቀጥሉበት፤ እርስዎ ደግሞ ለመንገደኛው የሚሰጠውን፣ ለካርቶንና ለትራንስፖርት የሚያወጡትን በየጊዜው ይሸፍኑላቸው። ይህኛው ዕዳ በእርግጥ የእርስዎ ነው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአሜሪካ ለዕረፍት ሐረር መጥተው በነበረ ጊዜ በእሳቸው ካርድ የዚህኑ አባልነት የ30 ቀን ነፃ ሙከራ በስልኬ ከፍተን ነበር። እሳቸው ባለፈው ሳምንት ተመለሱ። ምንም ሳልገዛበት ቀኑ ሊያልቅ ነው፤ ከካርዳቸው ይቆረጣል ወይ?
ከሐረር፣ ጀጎል

መልስ፦ አዎ፣ ይቆረጣል። ነፃው ጊዜ ሳይሰረዝ ካለቀ አባልነቱ ራሱ ወደሚከፈልበት ይሸጋገራል። ስለዚህ ዛሬውኑ ወደ አካውንቱ ገብተህ የአባልነት ማስተዳደሪያ የሚለውን ክፈትና እንዳይቀጥል እዘዝ። እርግጠኛ ነህ ወይ፣ ይህ ጥቅም ይቀርብሃል እያሉ የሚጠይቁ ገጾች ቢከታተሉብህ መሀል ላይ አትዝጋው፤ መሰረዙን የሚያረጋግጥ ኢሜይል እስኪደርስ ድረስ ጉዳዩ አላለቀም። ችግሩ የአንተ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2023 አማዞንን የከሰሰው ሰዎችን በግልጽ ሳያስፈቅድ አባል ያደርጋል፣ መሰረዙንም ያወሳስባል በሚል ነበር፤ በመስከረም 2025 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጉዳዩ ኩባንያው 2.5 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል በስምምነት ሲቋጭ፣ ከዚህ ውስጥ 1.5 ቢሊዮኑ ለደንበኞች የሚመለስ ሆኗል። አካውንቱ የተከፈተው በአጎትህ ኢሜይል ከሆነ ማረጋገጫው የሚደርሰው ለእሳቸው ስለሆነ፣ ከሰረዝክ በኋላ ደውለህ መድረሱን ጠይቃቸው።