ሲድ ቢሞትብህም ቀጥል
ወንድሜ፣ «ፋይናል ፋንታሲ 6 የቪዲዮ ጨዋታ ላይ ሽማግሌው ሲድ ሞተብኝ፣ እንደገና ልጀምር ወይ?» ላልከው፣ ኧረ በፍጹም! ክፉው ኬፍካ ዓለምን ካፈራረሰ በኋላ፣ የምትጫወትባት ሴሌስ ከአንድ ዓመት እንቅልፍ ነቅታ አንዲት ደሴት ላይ የምታገኘው ሲድን ብቻ ነው፣ እሱም ታሟል። ለማዳን ፈጣኖቹን ዓሦች ማብላት ነበረብህ፤ ቀርፋፋዎቹ ሕመሙን ያባብሱበታል። ከሞተ ግን ሴሌስ ተስፋ ቆርጣ ከገደል ትዘላለች፣ ትተርፋለች፣ ስትነቃም የጓደኛዋ የሎክ መሐረብ የታሰረላት ወፍ አጠገቧ ታያለች። ለእኔ ይሄኛው መንገድ ይበልጥብኛል። በ1994 በወጣ ጨዋታ፣ በእነዚያ ትንንሽ ምስሎች፣ እንዲህ ያለ ሐዘን ማሳየታቸው እስካሁን ይገርመኛል። ሲድ የሠራው ታንኳ እንደሆነ በሁለቱም መንገድ ይገኛል። ስትሻገር ጼን ከተማ ግባ፤ ሌላው ጓደኛዋ ሳቢን ሊፈርስ ያለ ቤት ደግፎ ይጠብቅሃል፣ ውስጥ ያለውን ልጅ ቶሎ አውጣ።