ከታንኩ የጠፋው ዘይት፦ ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው በእንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1968 የተሠራ ትራየምፍ ቦንቪል ቲ120 ሞተር ሳይክል ገዝቻለሁ። የቀድሞው ባለቤት ለብዙ ዓመታት ጋራዥ ውስጥ አቁሞት ነበር። ክረምቱ ሳይገባ የዘይት ታንኩን እስከ ምልክቱ ድረስ ሞልቼ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። ብርዱ ሲያልፍ ስከፍተው ዘይቱ ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ወለሉ ላይ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም። የጎደለውን ሞልቼ ባስነሣው ከሁለቱም ማርሚታዎች ሰማያዊ ጭስ ተግተለተለ፤ ከኋላ በኩል ካለው ቀጭን ቱቦም ዘይት ተረጨ። ደንግጬ አጠፋሁት። ሞተሩ ተበላሽቶ ይሆን? ምን ዓይነት ዘይት ልጠቀም? ዕድሜው ከ40 ዓመት ስላለፈ የዓመታዊ ምርመራ ግዴታ እንደሌለበት ተነግሮኛል፤ ታዲያ መንገድ ላይ ከማውጣቴ በፊት ምን ማድረግ ይኖርብኛል?
አንባቢ፣ ከኮቨንትሪ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከገለጹልን ሁኔታ ስንነሣ ሞተርዎ ተበላሽቷል ብለን አናምንም፤ ዘይቱም አልጠፋም። ከታንኩ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ሆድ ወርዷል። እርስዎ ደግሞ በላዩ ላይ ሌላ ዘይት ስለጨመሩበት ሞተሩ ከሚገባው እጅግ የበለጠ ዘይት ይዞ ተነሣ።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት የሞተሩን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ መኪኖች ዘይቱ የሚጠራቀመው ከሞተሩ ሥር ነው። በእርስዎ ቦንቪል ግን ዘይቱ የሚቀመጠው ከመቀመጫው ሥር በስተቀኝ ባለው ታንክ ውስጥ ሲሆን፣ የሞተሩ ሆድ ሁልጊዜ ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ላይ መሆን አለበት። ሥራውን የምትሠራው በስተቀኝ ካለው ሽፋን ጀርባ የተቀመጠች፣ ሁለት ዘንጎች ያሏት ትንሽ ፓምፕ ናት። ቀጭኑ ዘንግ ዘይቱን ከታንኩ ስቦ የፒስቶኖቹን ውጣ ውረድ ወደ ዙር ወደሚለውጠው ክራንክ ሻፍት ይገፋል፤ ወፍራሙ ዘንግ ደግሞ ሥራውን ጨርሶ ወደ ታች የተንጠባጠበውን ዘይት ከሆድ እየመጠጠ ወደ ታንኩ ይመልሳል። መላሹ ከላኪው እንዲወፍር የተደረገው ሆድ ውስጥ ዘይት እንዳይከማች ታስቦ ነው።

በእያንዳንዱ ዘንግ ሥር በደካማ ሞላ የምትደገፍ አንዲት የብረት ኳስ አለች። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱን ማገድ የሚኖርባት በላኪው በኩል ያለችው ኳስ ናት። በኳሷና በመቀመጫዋ መካከል ቅንጣት ቆሻሻ ከገባ ወይም መቀመጫው ካረጀ፣ ታንኩ ከፓምፑ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ዘይቱ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይወርዳል። ለዚህ ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል። ስለዚህ ለእርስዎም ሆነ እንዲህ ያለ ሞተር ላለው ሁሉ የምንሰጠው የመጀመሪያ ምክር፣ ረጅም ጊዜ በቆመ ሞተር ሳይክል ታንክ ላይ ዘይት ከመጨመር በፊት የጎደለው ዘይት የት እንዳለ ይረጋገጥ የሚል ነው።

አሁን የሚያደርጉት እንደሚከተለው ነው። ሞተሩን አያስነሡ። ከሥሩ ሰፋ ያለ ሳህን አስቀምጠው ከሞተሩ በታች ያለውን ትልቅ ብሎን ይፍቱ። ከብሎኑ ጋር የወንፊት ማጣሪያ ይወጣል፤ በጋዝ ያጥቡት። የብረት ብናኝ ይዞ ከሆነ ግን ከዚያ በላይ አይሂዱ፤ ሞተሩ መከፈት አለበት። ከዚያ ታንኩንም አራግፈው ያጥቡ፤ ታንኩ ዘይት በሚያወጣበት በኩልም ሌላ ወንፊት አለና እንዳይዘነጉት። ለዓመታት የቆመ ታንክ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ይዞ የሚገኝ ሲሆን፣ ያች ኳስ በመቀመጫዋ ላይ በደንብ እንዳታርፍ የሚያደርጋትም ብዙውን ጊዜ ይኸው ዝቃጭ ነው።

አዲስ ዘይት ከሞሉ በኋላ ሁለቱን ካንዴላዎች ያውጡ፤ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ማስነሻውን በእግርዎ ደጋግመው በዝግታ ይርገጡ። የታንኩን ክዳን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ ከመመለሻው ቱቦ ዘይት ሲመጣ ማየት አለብዎ። ሞተሩ ሲነሣም በዚሁ ቀዳዳ መመልከትዎን ይቀጥሉ። ሆድ ውስጥ የተከማቸ ዘይት ካለ በመጀመሪያ የሚመጣው ያልተቋረጠና ወፍራም ነው፤ ሆዱ ሲራቆት ግን መላሹ ዘንግ ከዘይቱ ጋር አየርም ስለሚስብ ዘይቱ እየተቆራረጠ፣ አረፋ እየቀላቀለ መምጣት ይጀምራል። ብዙ ሰዎች በዚህ ጊዜ ይደነግጣሉ፤ ይሁን እንጂ ጤናማ ምልክት ነው። የታንኩ ልክ መታየት ያለበትም ከዚህ በኋላ እንጂ ከዚህ በፊት አይደለም።

ሆኖም የዘይቱ መመለስ ግፊቱ በቂ መሆኑን አያረጋግጥም። አንድ ባለሙያ ለጊዜው የግፊት መለኪያ እንዲገጥምልዎ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ከ65 እስከ 80 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ዝቅ ብሎ ሲዞር ደግሞ ከ20 እስከ 25 ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ከዚህ እጅግ የሚያንስ ከሆነ በቀኙ ሽፋን ውስጥ የክራንክ ሻፍቱን ጫፍ የሚያቅፈውን የጎማ ማኅተም ያስመርምሩ። ዘይቱ ወደ ክራንኩ የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ፣ ሽፋኑ በጥድፊያ ሲገጠም የማኅተሙ ከንፈር ከታጠፈ ግፊቱ በዚያው ያመልጣል። ፓምፑን ለማጽዳት ሽፋኑ ሲከፈት ይህ ማኅተም በአዲስ ቢለወጥ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስለ ዘይቱ ዓይነት፣ ለሞተሩ 20ደብልዩ-50 የሆነ የማዕድን ዘይት ይስማማዋል። ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ይሰፋል። ይህ ሞተር የወረቀት ፊልትሮ ኖሮት አያውቅም። ፋብሪካው ቆሻሻን የሚይዝበት መንገድ በክራንክ ሻፍቱ ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ነው፤ ክራንኩ ሲሽከረከር ከባዱ ቆሻሻ ወደ ቱቦው ግድግዳ ተወርውሮ እዚያው ይጠጥራል። ይህ ቱቦ በዘመናት ሞልቶ ከተደፈነ ወደ ፒስቶን ዘንጎቹ ኩሽኔታዎች የሚሄደው ዘይት ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሊወጣ ይችላል። ቱቦውን ማጽዳት የሚቻለው ሞተሩ ለሁለት ተከፍሎ ክራንኩ ሲወጣ ብቻ ስለሆነ ሥራው ከባድ ነው፣ ገንዘብም ይጠይቃል። ቢሆንም የቀድሞው ባለቤት ቱቦው መቼ እንደጸዳ የሚያሳይ ደረሰኝ ሊያቀርብልዎ ካልቻለ፣ ረጅም ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት እንዲያስከፍቱት አጥብቀን እንመክራለን። ቀለሙን ከማሳደስ፣ ኒኬሉን ከማስነከር በፊት ገንዘብዎ መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው።

የዛሬ ዘይት ቆሻሻውን እንዲዘቅጥ ከመተው ይልቅ ተሸክሞት ስለሚዞር፣ ማጣሪያው ወንፊት ብቻ በሆነ ሞተር ውስጥ ቶሎ ቶሎ መለወጥ አለበት። በየ1500 ማይሉ፣ ማለትም በየ2400 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ይለውጡት። ዘመናዊ ፊልትሮ ማስገጠም ከፈለጉ ዘይቱ ወደ ታንኩ በሚመለስበት መስመር ላይ ይሁን፤ በሚልከው መስመር ላይ ከተገጠመ ፓምፑን ያንቃል።

ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው። 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ሲገዙ ጂኤል-4 የሚለውን ይምረጡ፤ በአንዳንድ የጂኤል-5 ዘይቶች ውስጥ ያለው የድኝ ውህድ በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የነሐስ ክፍሎች ሊበላቸው ይችላል። በስተግራ ያለው የፍሪሲዮን ቤትም በእርስዎ ሞዴል ላይ ለብቻው ዘይት ይሞላለታል።

ሕጉን በተመለከተ የተነገረዎት ትክክል ነው። በብሪታንያ ከፈረንጆቹ ግንቦት 2018 ጀምሮ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆነውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገበት ተሽከርካሪ ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ነው። ነገር ግን ከምርመራው ነፃ መሆን ከኃላፊነት ነፃ አያደርግም፤ በማያስተማምን ተሽከርካሪ መንገድ ላይ የወጣ ሰው በሕግ ይጠየቃል። በፈቃድዎ ሊያስመረምሩት ስለሚችሉ ለመጀመሪያው ጊዜ እንዲህ ቢያደርጉ ደስ ይለናል። ከዚያ በፊት ጎማዎቹን ይመልከቱ፤ ጥርሱ ያልተበላ ጎማ እንኳ በዕድሜ ይደርቃል። ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ታትሞ የሚገኝ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ። የፊት ፍሬንዎ ሁለት ጫማዎች አሉት፤ የሚያገናኛቸው ዘንግ በትክክል ካልተስተካከለ አንዱ ብቻ ይይዝና ሞተር ሳይክሉ ለመቆም ያስቸግራል። ባትሪ ሲገጥሙ ደግሞ ከሻሲው ጋር የሚያያዘው ፖዘቲቩ ጫፍ መሆኑን አይርሱ። ቤንዚኑም ተለውጧል፦ ከ2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስለያዘና ይህም የቆዩ የጎማ ቱቦዎችን ስለሚጎዳ፣ እስከ 5 በመቶ ብቻ የያዘውን ውዱን ቤንዚን ይቅዱ።

በነገራችን ላይ፣ ሞተር ሳይክልዎ የተሠራበት የሜሪደን ፋብሪካ የነበረው ከኮቨንትሪ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው። ፋብሪካው ወደዚያ የተዛወረው በ1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ከደበደቡ በኋላ ሲሆን፣ በ1983 ተዘግቷል። በአካባቢዎ እዚያ የሠሩ አዛውንቶችን የማግኘት ዕድል አለዎትና ቢያፈላልጉ አይከስሩም።

ጥያቄ፦ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ከታንኩ በሚወርደው ቱቦ ላይ መዝጊያ ቧንቧ ብገጥም ይሻላል የሚል ምክር ደርሶኛል። የእናንተ አስተያየት ምንድን ነው?
አንባቢ፣ ከለንደን

መልስ፦ እኛ አንደግፈውም። ቧንቧው ዘይቱን በእርግጥ ያቆመዋል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ጠዋት ሳይከፍቱት ካስነሡ ሞተሩ ያለ ዘይት ይሠራና በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልቅለታል። በሞላ በራሱ የሚከፈት ዓይነትም ይሸጣል፤ እሱም የሚገጠመው ፓምፑ በሚስብበት በኩል ስለሆነ ዘይቱን ሊያዘገየው ይችላል። ፓምፑን አስወርደው ኳሶቹንና ሞላዎቹን ያስለውጡ፣ መቀመጫውን ያስጸዱ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ቢነዱት የሚወርደው ዘይት ጥቂት ስለሚሆን ፓምፑ ራሱ ይመልሰዋል። የግድ መዝጊያ እገጥማለሁ የሚሉ ከሆነ ግን ቧንቧው ሲዘጋ የሞተሩ ኤሌክትሪክ አብሮ የሚቋረጥበትን ዓይነት ያስገጥሙ።

ጥያቄ፦ የእኔ ቦንቪል የ1972 ነው። ዘይቱን በውድና ዘመናዊ የመኪና ዘይት ከለወጥኩ ወዲህ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ፍሪሲዮኑ አርጅቶ ይሆን?
አንባቢት፣ ከአምስተርዳም

መልስ፦ እህታችን፣ ፍሪሲዮኑን ከመግዛትዎ በፊት ዘይቱን ይጠርጥሩ። ከ1970 ጀምሮ በተሠሩት ላይ የሞተሩ ሆድና የፍሪሲዮኑ ቤት በቀዳዳ ስለተገናኙ ሁለቱም የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው። ነዳጅ ይቆጥባሉ የሚባሉ ብዙ የመኪና ዘይቶች ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም አላቸው፤ ይህ ቅመም በዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራን ፍሪሲዮን ያንሸራትተዋል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያስወግዱና ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበትን የሞተር ሳይክል ዘይት ይሙሉ። የፍሪሲዮኑን ሸክላዎችም አውጥተው በቤንዚን ያጥቧቸው፤ ቅመሙ በላያቸው ላይ ስለሚቀር ዘይት መለወጥ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በእርስዎ ሞዴል ዘይቱ የሚጠራቀመው በሻሲው ወፍራም ቱቦ ውስጥ ስለሆነ፣ ሲያራግፉ ከቱቦው ግርጌ ያለውን ክዳን ፈትተው ማጣሪያውንም ማጽዳትዎን አይዘንጉ።