«ሌሊት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ስኳሬ ለምን ከፍ አለ?» ላልሽው

እህቴ፣ የሌሊት ፈረቃ ከገባሽ ወዲህ ምግብ ሳትጨምሪ ቦርጭ እንዳወጣሽ፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳርሽም 109 እንደሆነ ጽፈሻል። «ሥራው ነው ወይስ እኔ?» ነው ጥያቄሽ። ሐኪም አይደለሁም። ለዓመታት ሌሊት የሠራሁ ሰው ግን ነኝ፤ ነገሩን ኖሬበታለሁ።

ባጭሩ፣ ሥራው እጁ አለበት።

ሰውነታችን ሰዓት አለው። ዋናው ሰዓት አንጎል ውስጥ ነው፤ የሚሞላውም በብርሃን ነው። ጉበትና ቆሽት ደግሞ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ እነሱ በይበልጥ የሚከተሉት ምግብ የሚገባበትን ሰዓት ነው። ሌሊት ስትበዪ አንዱ «መሽቷል» ይላል፣ ሌላው «ነግቷል» ብሎ ይነሣል። በዚያ ላይ ሲመሽ የሚመነጨው ሜላቶኒን ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንደልቡ እንዳያመነጭ ያዝ ያደርገዋል። ስለዚህ ቀን ምንም ያላለሽ ምግብ ሌሊት ስኳርሽን ይሰቅለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ አንድ ጥናት 19 ጤነኛ ወጣቶች ላብራቶሪ ውስጥ እንደ ሌሊት ሠራተኛ እንዲኖሩ ተደረገ። ገሚሶቹ ሌሊትም በሉ፣ ገሚሶቹ ቀን ብቻ። ሌሊት የበሉት ስኳራቸው በአማካይ 6.4 በመቶ ጨመረ። ቀን ብቻ የበሉት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ግን እኔም በራሴ ያየሁት ይህንኑ ነው። ዋናውን ምግብ ፈረቃው ከመጀመሩ በፊት መብላት ከየትኛውም ዳይት በላይ ጠቅሞኛል።

አስቸጋሪው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ነው። በዚያ ሰዓት ገደማ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል። ልብ በዪ፣ 10 ሰዓት ሲል ሁሉም ጃኬቱን ፍለጋ ይነሣል፤ መስኮቱ ግን እንደተዘጋ ነው። ያኔ ሆድ ይጮኻል። የሚያምረው ደግሞ ጣፋጭና የተጠበሰ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ረሃብ አይደለም፣ እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ሲጎድል «ጠግበሻል» የሚለው ሆርሞን ሌፕቲን ሊቀንስ፣ «ርቦሻል» የሚለው ግሬሊን ሊጨምር ይችላል። እኔ ውኃ ጠጥቼ ደረጃውን ወጣ ወረድ እላለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይተወኛል። ካልተወኝ አንድ እንቁላል ይበቃኛል። ስወጣ ቀለል ያለ ነገር ቀምሼ እተኛለሁ፤ ረሃብ ከእንቅልፍ እንዳይቀሰቅሰኝ።

ቡናም የፈረቃው መጀመሪያ ላይ ብቻ። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መኝታ ቤትሽን ድቅድቅ ጨለማ አድርጊው።

አሁን ወደ 109። መቼ ነው የተለካሽው? ከፈረቃ ወጥተሽ በቀጥታ ከሆነ እኔ ያን ቁጥር ብቻ ይዤ አልደነግጥም። የባዶ ሆድ ምርመራ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ አለመቅመስ ይፈልጋል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በልተሽ ጠዋት 2 ሰዓት ከተለካሽ ባዶ ሆድ አይባልም። ሳይተኙ ማደርም ስኳርን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። (ላብራቶሪ ስሄድ «በልተሃል?» ይሉኛል፤ «ተኝተሃል?» ያለኝ ግን እስካሁን የለም።) ስለዚህ ኤዋንሲ የሚሉትን፣ የሦስት ወር ስኳር የሚባለውን ምርመራ ጠይቂ። መጾም አያስፈልገውም። ከ5.7 በመቶ በታች ደህና ነው። ከ5.7 እስከ 6.4 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ ያኔ ክትትል ጀምሪ። 6.5ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ በድጋሚ ምርመራ ያረጋግጠዋል።

ለጥያቄሽ መልስ ከሰጡት አንዷ «ሌሊቱን ሙሉ ምንም አትቅመሺ» ብላሻለች። ለጤነኛ ሰው ከለመደው ችግር የለውም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን ስኳሩ ወርዶ ሥራ ላይ ሊጥለው ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይሞክረው። ነፍሰ ጡርም እንደዚያው።