የጠላ ቅምሻና ልውውጥ፦ ለጠያቂዎች ከደሴ የተሰጠ መልስ

በደሴና በዙሪያዋ ቤታችን የምንጠምቅ ሰዎች በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። የሚሸጥ የለም፤ ጠርሙስ በጠርሙስ ነው የምንለዋወጠው። ሰሞኑን አዲስ የሚመጣ ሰው ስለበዛ ጥያቄውም በዛ። ከእናቴ ጎን ጌሾ ከወቀጥሁ 30 ዓመት አልፎኛልና መልሱን እኔ እንድሰጥ ተባልሁ። የመጡትን ጥያቄዎች እንደመጡ አስቀምጫቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምጣት እፈልጋለሁ። ምን ይዤ ልምጣ? ስንት ጠርሙስ?

ሦስት ይበቃሃል። አንዱ እዚያው ይከፈትና ሁላችንም እንቀምሰዋለን፤ በሁለቱ ምትክ የሌላ ሰው ሁለት ጠርሙስ ይዘህ ትመለሳለህ። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጥፍበት፦ እህሉ ምን እንደሆነ፣ የተጠነሰሰበት ቀን፣ የተጠለለበት ቀን፣ ውኃው ከየት እንደተቀዳ። ስምህን ግን አትጻፍ። ስም ከታየ አፍ ይታሰራል፤ የትልቅ ሰው ጠላ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» ይባልለትና ያልፋል። ቀኑ ካልተጻፈ ደግሞ ምክር መስጠት አይቻልም። የሦስት ቀን ጠላና የአሥር ቀን ጠላ ሁለት የተለያዩ መጠጦች ናቸው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ እትዬ፣ ደሴ ካለችው እህቴ ጋር እህላችንም ጌሾአችንም አንድ ነው። የእሷ ሳምንት ይቆያል፤ የእኔ በ4 ቀኑ ይሆመጥጣል። እጄ ነው?

እጅሽ አይደለም የኔ ልጅ፤ ሙቀቱ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ለጋኑ ግን ሌላ አገር ነው። እርሾውም፣ ጠላውን የሚያሆመጥጡት ረቂቅ ተዋሲያንም ሲሞቃቸው ይፈጥናሉ። እህትሽ ጥንስሱን 3 ቀን ብታቆየው ለአንቺ አንድ ቀን ተኩል ሊበቃሽ ይችላል። ስለዚህ የእሷን ቀን አትቁጠሪ። አረፋው ተነሥቶ መውረድ ሲጀምርና ሽታው ከጥሬ ቅጠልነት ወደ እርሾነት ሲዞር ብቅሉን ጨምሪ።

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ተዋሲያን ያለ አየር አይሠሩም። አንድ ትልቅ ጋን ጠምቀሽ በየቀኑ እየከፈትሽ ከቀዳሽ፣ በከፈትሽ ቁጥር ሥራቸውን ታግዣቸዋለሽ። ጠላው እንደደረሰ በአምስት አምስት ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ ሞልተሽ ክደኚው፤ አንዱን ስትከፍቺ አንዱን ጨርሺ። ጀሪካኑን በረጠበ ጆንያ ጠቅልለሽ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ ካቆምሽው የኮምቦልቻን ሙቀት ትንሽ ታስታግሺለታለሽ።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ በሃይላንድ ሞልቼ በሚኒባስ የላክሁት ጠላ መንገድ ላይ ፈነዳ። ምን አጠፋሁ?

በእኔም ደርሷል፤ የእኔ ደግሞ መስታወት ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት ለጥምቀት ወደ ሐይቅ ጉሽ በቢራ ጠርሙስ ሞልቼ፣ ቆርኪውን አጥብቄ ላክሁ። ዘንቢሉ ውስጥ ፈንድቶ የአንዲት እናት ነጠላ ተበላሸ፤ ስብርባሪው እጇን አለማግኘቱን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ጉሽ በመስታወት አልልክም፤ እናንተም አትላኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉሽ ውስጥ ያላለቀ ስኳርም፣ በሕይወት ያለ እርሾም አለ። መንገዱ ሲያናውጠውና መኪናው ውስጥ ሲሞቀው ጋዙ ይበዛል፤ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋል። በፕላስቲክ ላኪ፤ ሦስት ጣት ያህል ባዶ ተዪለት፤ ከመላክሽ በፊት ሌሊቱን ቤት አሳድሪውና ጠዋት በእጅሽ ጨምቂው። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ገና ነው፤ አስተንፍሽውና ሌላ ቀን ጠብቂ። የሚቀበለውም ሰው እንደደረሰው ቀስ ብሎ እንዲያስተነፍሰው ንገሪው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ባለፈው ወር ያመጣሁትን ጠላ ሦስት ሰዎች «መድኃኒት መድኃኒት ይላል» አሉኝ። ጋኑን በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ነው የጠመቅሁት። ደግሞ ንጽሕናዬን ማንም አይጠራጠረውም።

ይህ ጥያቄ ስለመጣ ደስ ብሎኛል፤ እኔንም ለዓመታት ያስቸገረኝ ነገር ነውና። ንጽሕናሽ ላይ ምንም እንከን የለም። ጥፋቱ ያለው በሁለት ጥሩ ነገሮች መገናኘት ላይ ነው። የቧንቧ ውኃ ተዋሲያንን እንዲገድል ክሎሪን ይጨመርበታል። የወይራው ጭስ ደግሞ ጋኑ ግድግዳ ላይ ፌኖል የሚባሉ ውሕዶችን ይተዋል፤ ያ የምንወደው የጭስ መዓዛ አብዛኛው ከእነሱ ነው። ክሎሪንና ፌኖል ሲገናኙ ክሎሮፌኖል ይሠራሉ። እርሱ ደግሞ እጅግ በትንሽ መጠን እንኳ የሐኪም ቤት፣ የቁስል ፋሻ ሽታ ይሰጣል። የምንጭ ውኃ የሚቀዱ የገጠር እናቶች አብዝተው ቢያጥኑም ይህ የማይገጥማቸው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የቧንቧውን ውኃ አፈ ሰፊ ዕቃ ላይ ሳትከድኚ አሳድሪው፤ ወይም አፍልተሽ አቀዝቅዥው። ክሎሪኑ ተኖ ይሄዳል። ማጠኑን አትተዪ፤ ወይራውም ጥንጁቱም ጠላውን ከብልሽት ያግዙታል፣ ያለ ጭስ ደግሞ የወሎ ጠላ የወሎ ጠላ አይመስለኝም። ጋኑን ያጠብሽበትን ውኃም አትርሺ፤ በረኪና ከነካው ደጋግመሽ አለቅልቂው።

ይህን በራስሽ ልትደርሺበት አትችዪም ነበር። የራስን ጋን ሽታ አፍንጫ ይለምደዋል፤ እኔም ያወቅሁት የእኔን የቀመሰች ሴት ፊቷን ስታጨማድድ አይቼ፣ የእሷን ደግሞ ቤቴ ወስጄ ከእኔው ጎን ለጎን ከቀመስሁት በኋላ ነው። ልውውጡን የምወደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ሙስሊም ነኝ፤ የማዘጋጀው ቀሪቦ ነው። ከእናንተ ጋር ቦታ አለኝ?

አለሽ እንጂ እህቴ! የሠርጉም የሐዘኑም ድንኳን በወሎ እንዴት እንደሚሰናዳ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የየአንዳንዱ ዕቃ ለየብቻ ነው። እኛም ጋ እንደዚያው ነው፦ ጠላ ያልነካው ማንቆርቆሪያ፣ ጠላ ያልነካው ብርጭቆ፣ ለብቻ ጠረጴዛ። ከአንቺ የምንማረው ገብስ አቆላል ነው። ገብሱ ቡናማ ሆኖ ሳያር መውጣት አለበት፤ ካረረ ምሬቱን ስኳር አይሸፍነውም። ባለፈው አንዲት የከሚሴ ሴት ያመጣችው ቀሪቦ የቁሌት ትምህርት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የእኔን አሻሮ በዝግታ፣ በመለስተኛ እሳት መቁላት ጀመርሁ።

አንድ ነገር በግልጽ ልንገርሽ፤ ለአንቺ ትልቅ ጉዳይ ነውና። እርሾ የገባበት ቀሪቦ ሙቀት ላይ ከቆየ አልኮል ይሠራል። ያለ እርሾ አዘጋጅተሽ፣ በዕለቱ ቀዝቃዛውን አምጪው፤ ወረቀቱ ላይ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ጻፊ።

ጥያቄ፦ እናቴ «ጠላ የሴት ሥራ ነው» እያለች ትከለክለኛለች። ወንድ ነኝ።

ከማኅበራችን አምስቱ ወንዶች ናቸው። እናትህን አትከራከራት፤ እንኩሮ በምታምስበት ቀን ሚዛን ይዘህ አጠገቧ ተቀመጥ። «በእፍኝ ነው የምለካው» ትልሃለች፤ እፍኟን መዝነህ ጻፈው። ጌሾው ስንት፣ ብቅሉ ስንት፣ ቂጣው በየትኛው ቀን ተቆርሶ እንደገባ ጻፍ። እኔ ለ25 ሊትር ግማሽ ኪሎ የጌሾ ቅጠል፣ አንድ ኪሎ ብቅልና አራት ኪሎ ያህል ለቂጣና ለእንኩሮ የሚሆን ዱቄት ነው የምጠቀመው። የእናትህ ከዚህ ቢለይ የእሷን ያዝ።

ጥያቄ፦ ብቅሌ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ ወጣበት። ከቆላሁት አይጠፋም?

አይጠፋም። ጣዪው። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ መቁላትም ሆነ ማፍላት አያስወግደውም። ለከብትም አትስጪው። በሚቀጥለው ገብሱን ካጠፈፍሽ በኋላ በጉሎ ቅጠል ስትሸፍኚው ቀጭን አድርገሽ አነጥፊው፤ ሲበቅል እንዲተነፍስ በየቀኑ አገላብጪው፤ ፀሐይ ባለበት ሰሞን አድርገሽ በደንብ አድርቂው። በክረምት ብቅል ማብቀል ፈተና ነው፤ እኔ በበጋ አብቅዬ አስቀምጣለሁ።

ጥያቄ፦ በጌሾ ፋንታ በሆፕ (የፋብሪካ ቢራን በሚያመርረው አበባ) ቢራ መጥመቅ ይቻላል? ደግሞስ አንድ ነገር አይደሉም?

ሥራቸው ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ያመርራሉ፣ ሁለቱም ብልሽትን ያዘገያሉ። አሠራራቸው ግን ይለያያል። ጌሾ ሳይፈላ በቀዝቃዛ ውኃ ምሬቱን ይለቃል፤ ቅጠሉና እንጨቱም እርሾ ይዘው ይመጣሉ። ሆፕ ምሬቱን የሚሰጠው ሲፈላ ነው፤ እርሾውን ደግሞ ለብቻ ትጨምራለህ። ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምሬቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው አንድ ሰዓት ቢያፈላ አንተ ከዚያ አብልጠህ አፍላ። ብቅሉን መጀመሪያ በ65 ዲግሪ አካባቢ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆየው፤ ስታርቹ ወደ ስኳር የሚለወጠው ያኔ ነው። የጠላ ብቅል ይሠራል፤ በጣም ካልጠቆረ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ሳለሁ የፖም ሳይደር ለመድሁ። እዚህ የሠራ አለ?

አንድ ጊዜ የጨንቻ ፖም መጥቶልኝ ሞክሬአለሁ። ጌሾም ብቅልም አይፈልግም። ፖሙን ታጥቦ መፈቅፈቅ፣ በንጹሕ ነጠላ መጭመቅ፣ ጀሪካን ውስጥ ጨምሮ ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ ወደ ውኃ ብርጭቆ ማውጣት፤ ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። በደሴ ብርድ ሦስት ሳምንት ፈላ፣ ከዚያ ጠርቶ እስኪቀመጥ ሌላ ወር ፈጀ። የፖም ጭማቂ በ100 ግራም ከ10 እስከ 12 ግራም ያህል ስኳር ስላለው የሚሰጠው አልኮል 5 ወይም 6 በመቶ ነው። ችግሩ ዋጋው ነው፤ በእጅ ሲጨመቅ ለአንድ ሊትር ሁለት ኪሎ ፖም ይሄዳል።

በለስ የሚገኝበት የቆቦና የራያ ሰው ካለ በክረምት ቢሞክርልን ደስ ይለኛል። በለስ ጣፋጭ ነው፣ ኮምጣጣነት ግን በጣም ያንሰዋል፤ ስለዚህ ቶሎ ይበላሻል። ሎሚ ይጨመርበት።

ጥያቄ፦ የጠላዬን የአልኮል መጠን እንዴት ልለካ?

በቤት በትክክል ማወቅ ያስቸግራል። የስኳር መለኪያው የሚንሳፈፍ መሣሪያ ለጠራ ፈሳሽ ነው፤ ጉሽ ውስጥ ያለው ዱቄት ያሳስተዋል። ተራ ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ ፊልተር የሚባለው የተጣራ ጠላ 5 ወይም 6 ይደርሳል። አምስት ስድስት ዓይነት በአንድ ከሰዓት ሲቀመስ ይደማመራልና ጉንጭ ጉንጭ ብቻ ነው የምንቀዳው፤ መኪና የሚነዳ ሰው ጠርሙሱን ቤቱ ወስዶ ይቅመስ።

ጥያቄ፦ አረቄስ ይመጣል?

አይመጣም። ሲወጣ የመጀመሪያው መጣሉን፣ በምን ዕቃ እንደወጣ ከጠርሙሱ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ነገር አንደራደርም።

ጥያቄ፦ የሰው ጠላ ሲበላሽ ሳያስቀይሙ እንዴት ይነገራል?

መጀመሪያ ቅምሻው ራሱ ፍትሐዊ ይሁን። ምሳ ላይ በርበሬ የበላ አፍ ጠላ አይለይም፤ ጨው የሌለው ቂጣና ውኃ በመካከል እናስቀምጣለን። ከነጣው ወደ ጠቆረው፣ ከጉሹ ወደ ቆየው ነው የምንሄደው። የቀዳው ሰው እንደ ደንባችን በመዳፉ አድርጎ መጀመሪያ ይቀምሳል።

ከዚያ ያገኘኸውን ተናገር፤ ፍርድ አትስጥ። «መጥፎ ነው» ማለት ለጠማቂዋ ምንም አይነግራትም። «ከኋላ የኮምጣጤ ስለት አገኘሁበት፤ ስንት ቀን ተከፍቶ ቆየ?» ብትላት ቤቷ ሄዳ የምታስተካክለው ነገር ሰጠሃት። ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተለው። ዝም ብሎ «ጥሩ ነው» የሚል ሰው ግን ያሳዝነኛል፤ አራት ቀን የደከመችበትን ነገር ሳያይላት ሄደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው እሑድ አንቺ ምን ይዘሽ ትመጫለሽ?

የወረኢሉ ገብስ ጥቁር ጠላ፣ በሁለት ጀሪካን። እህሉ፣ ጌሾው፣ ጭሱ አንድ ነው። አንዱ በቀጥታ ከቧንቧ በተቀዳ ውኃ፣ ሌላው ባደረ ውኃ ተጠምቋል። ቁጥር ብቻ ይለጠፍባቸዋል፤ የቱ የቱ እንደሆነ ሁላችሁም ቀምሳችሁ ከጻፋችሁ በኋላ እነግራችኋለሁ።