«ቫይረስ ነው» የተባለው ፍላሽ እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ሕመማቸው ተመሳሳይ ነው። ፍላሹ ወይም ሀርድ ዲስኩ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው ይታያል፣ አዲስ ፋይል ሲሰጡት ግን አሻፈረኝ ይላል።

ጥያቄ፦ 7 ጊጋ የሆነ የሠርጌን ቪዲዮ ባዶ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ላይ ልገለብጥ ስል «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይለኛል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ፍላሽሽ ደህና ነው። ፎርማቱ፣ ማለትም ፋይል የሚያደራጅበት ስልት፣ ፋት 32 የሚባለው ሆኖ ነው። ፋት 32 የፈለገውን ያህል ባዶ ቦታ ቢኖረው፣ 4 ጊጋ የሚሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፍላሹ ባዶ ከሆነ ፎርማት አድርጊውና ኤክስፋት የሚባለውን ሌላ ፎርማት ምረጪ። ግን ቪዲዮው የሚታየው ቤተሰብ ዘንድ ባለ አሮጌ ቴሌቪዥን ከሆነ፣ ኤክስፋት ላያነብ ይችላል። ያኔ ፎርማቱን ተዪውና ቪዲዮውን ለሁለት አስቆርጪው። ሠርጉ ለብቻ፣ መልሱ ለብቻ ቢሆን ማንም አይቀየምም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ፍላሼ «ራይት ፕሮቴክትድ» (መጻፍ የተከለከለ) እያለ አስቸገረኝ። ኮምፒውተር ቤት ሦስት ጊዜ ወሰድኩት። «ቫይረስ ነው» ብለው አስከፈሉኝ፣ ግን ምንም ለውጥ የለም። ፎርማትም እምቢ አለ።

መልስ፦ «ቫይረስ ነው» ምክንያቱ ላልታወቀ ነገር ሁሉ የሚሰጥ ስም ሆኗል። መጀመሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩት፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍሉ ፍላሽ ላይ መጻፍ ሆን ብሎ ይዘጋል። ሜሞሪ ካርድ በአዳፕተር ከሆነ የሚጠቀሙት፣ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ በጥፍርዎ ይግፏት።

ሌላም ኮምፒውተር ላይ ያው ከሆነ ግን ፍላሽዎ አርጅቷል። ዳታ የሚቀመጥባቸው ጥቃቅን የፍላሽ ሴሎች የሚጻፍባቸውና የሚጠፋባቸው ጊዜ የተቆጠረ ነው። መቆጣጠሪያው ቺፕ ስህተት ሲበዛበት «ከእንግዲህ ማንበብ ብቻ» ብሎ ራሱን ይቆልፋል። ደግነት ነው፤ የፈተና ወረቀቶችዎን እንዲያወጡ ጊዜ እየሰጠዎት ነው። ዛሬውኑ ይገልብጡ። የእኔው ሁለት ሳምንት ታገሠኝ፤ ከዚያ ጭራሽ አልታወቅም አለ። ለአራተኛ ጊዜ ገንዘብ አይክፈሉ፣ አዲስ ይግዙበት።

ጥያቄ፦ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኬ ግማሽ ድረስ ይገለብጥና ይጠፋል። ተመልሶ ይመጣል፣ እንደገና ይጠፋል።

መልስ፦ ከዲስኩ በፊት ገመዱን ጠርጥር። በዴስክቶፕ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ወይም በሀብ (አንዱን ቀዳዳ በሚያበዛው ማከፋፈያ) ከሰካኸው ንቀልና ከኋላ ሰካው፣ በአጭር ገመድ። የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ከሌለው ዲስኩ የሚሽከረከረው ከዩኤስቢው በሚያገኘው ኃይል ብቻ ነው። ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው፤ ዩኤስቢ 3፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው፣ 900 ይሰጣል። ኃይል ሲያንሰው መሐል መንገድ ላይ ይወድቃል። ይህም ካልሠራ ጆሮህን አስጠጋ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ አትነካካው፣ አጥፋው። ፋይሉ ውድ ከሆነ ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ስጠው።

ጥያቄ፦ 2 ቴራ ፍላሽ በርካሽ አገኘሁ። ፋይሉ ይገባል፣ በኋላ ግን አይከፈትም።

መልስ፦ ተሸውደሃል ወንድሜ። ውስጡ ያለው ምናልባት 32 ጊጋ ነው፤ «2 ቴራ ነኝ» ብሎ ለኮምፒውተሩ እንዲዋሽ ተደርጓል። እውነተኛው ልኩ ሲሞላ አዲሱ ፋይል ወይ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይ ስሙ ብቻ ይቀራል። ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስከ ጢሙ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ እውነተኛውን ልክም ይነግርሃል። በሚቀጥለው ጊዜ ሻጩ ፊት ባይሆንም ገንዘብ ማስመለስ በሚቻልበት ቀን ሞክረው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ ማክቡክ አመጣልኝ። ሀርድ ዲስኬን ያነባል፣ ግን ምንም አይጽፍበትም።

መልስ፦ ዲስክሽ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ ፎርማት ነው። ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ኤክስፋት ላይ ግን ማክም ዊንዶውስም ይጽፋሉ። ወደ ኤክስፋት ለመቀየር ፎርማት ስታደርጊ ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ መጀመሪያ ማኩ ላይ ገልብጪው። ማንበቡን አልከለከለሽም።