ልብ ምቱ ሲዛባ መራጩ ማን ነው? የጥያቄና መልስ ጊዜ

ስለ ልብ ምት መዛባት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ውስጥ «የቱ መድኃኒት ይሻላል?» የሚሉት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ በሆነ መልኩ «ሐኪሙ ይወስን ወይስ እኔ?» ይላሉ። የሚቀጥለውን ስታነቡ የራሳችሁን ሐኪም እንደማይተካ አትርሱ። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አለብህ ተባልኩ። መድኃኒት ትጽፍልኛለች ብዬ ስጠብቅ ሐኪሟ «አንተ ምን ትመርጣለህ?» አለችኝ። ምን አውቄ ነው የምመርጠው?

መልስ፦ አትቀየማት፣ ጎበዝ ሐኪም ናት። ነገሩ ሁለት ቦታ ይከፈላል። በዚህ ሕመም የልብ የላይኛው ክፍል በወጉ መጨመቁን ትቶ ይርገበገባል። ደም እዚያ ተጠራቅሞ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። የስትሮክን ዕድል ወደ 5 እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ስለዚህ ዕድሜህ ከገፋ፣ ወይም ደም ግፊትና ስኳር ካለብህ፣ ሐኪምህ ደም ማቅጠኛ ውሰድ ብላ አጥብቃ ብትነግርህ አይግረምህ።

ያንተ ምርጫ የሚገባው በሁለተኛው ላይ ነው። ምቱ እንደተዛባ ይቆይና ፍጥነቱን ብቻ እናብርድ ወይስ ወደ ትክክለኛው ምት እንመልሰው? በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት 4,060 ሰዎችን አወዳድሮ በሁለቱ መንገዶች መካከል በዕድሜ የመቆየት ልዩነት አላገኘም። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሕመሙ በታወቀ በ1 ዓመት ውስጥ ምቱን ማስተካከል ሲጀመር ስትሮክና በልብ ሰበብ የሚመጣ ሞት እንደሚቀንስ አሳየ። ስለዚህ መቼ እንደጀመረህ ንገራት። ቀጥሎ ስለ ኑሮህ አውራ። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥርሃል? ወይስ ምንም አይሰማህም? ምንም የማይሰማው ሰው ታይሮይድና ሳንባ ሊነካ የሚችለውን አሚዮዳሮን የተባለ ምት አስተካካይ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ሁለቴ ቢያስብ አልፈርድበትም።

ጥያቄ፦ እናቴ 81 ዓመቷ ነው። ደም ማቅጠኛ ታዘዘላት፣ ግን ዘንድሮ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ጭንቅላቷ ውስጥ ቢደማስ? ላስቆማት?

መልስ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሷ ምን አለች? በጥያቄሽ ውስጥ የእሷ ድምፅ የለም።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። ግን በ1999 የወጣ አንድ ስሌት ምን ይላል መሰለሽ? በመውደቅ የሚመጣው የደም መፍሰስ አደጋ ከዋርፋሪን (የቆየው ደም ማቅጠኛ) ጥቅም እንዲበልጥ ሰውየው በዓመት ወደ 295 ጊዜ መውደቅ አለበት። ስሌት ነው እንጂ የእናትሽ ዕጣ አይደለም። ከዚህ በፊት አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ከነበረ ጉዳዩ ፈጽሞ ይለያል። ዋርፋሪን ስትሮክን በሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። «አስፕሪን ይቅለላት» የሚል ካለ አትስሚው። ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፣ ማድማቱ ግን አይቀርም።

በ2001 የታተመ አንድ ጥናት ሁሌ ትዝ ይለኛል። ሐኪሞችንና ታካሚዎችን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁ፦ አንድ ስትሮክ ለማስቀረት ምን ያህል መድማት ትቀበላላችሁ? ታካሚዎቹ ከሐኪሞቹ የበለጠ መድማት ለመቀበል ፈቃደኛ ነበሩ። ብዙ ሰው አልጋ ላይ ቀርቶ በሰው እጅ ከመታጠብ መድማቱን ይመርጣል። ልጆችም እንደ ሐኪሞቹ መድማቱን ስንፈራ እናቶቻችን የሚፈሩት ሌላ ሊሆን ይችላል። ጠይቂያት። በራስሽ ግን አታስቁሚ። የምትወድቅበትንም ምክንያት አስመርምሪላት፤ ዓይኗ ይሆናል፣ የግፊት መድኃኒቱ ይሆናል፣ ወይ ራሱ የልብ ምቱ።

ጥያቄ፦ ዋርፋሪን ወይስ አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች?

መልስ፦ በመጀመሪያ ምርጫ የሌለበትን ልናገር። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው፣ ወይም በሩማቲክ የልብ ሕመም ሚትራል ቫልቩ በጣም የጠበበ፣ ዋርፋሪን ነው የሚወስደው። በ2022 የወጣ ጥናት ሩማቲክ ባለባቸው ሰዎች ላይ አዲሱን መድኃኒት ከዋርፋሪን ዓይነቱ ጋር አወዳድሮ በዋርፋሪኑ በኩል ሞት ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። አዲስ ሁሉ የተሻለ አይደለም።

ለሌላው ሰው አዲሶቹ ብዙ ጊዜ ይቀድማሉ። አንጎል ውስጥ ማድማታቸው ያነሰ ነው፣ የዘወትር የደም ምርመራም አይጠይቁም። በዋርፋሪን አይ.ኤን.አር. የሚባለው የደም መቅጠን ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት፣ እሱን ለማየት መመላለስ አለ። በሌላ በኩል አዲሶቹን አንድ ቀን ከረሳህ መከላከያህ ቶሎ ይጠፋል። መድኃኒት የምትረሳ ሰው ከሆንክ አትፈር፣ ተናገር።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው። ልቤ ድንገት በደቂቃ 190 ይመታል፣ ከዚያ ድንገት ወደ ቦታው ይመለሳል። ኪኒን ዕድሜ ልክ ልዋጥ ወይስ አብሌሽን ልሠራ?

መልስ፦ ከገለጽሽው ኤስ.ቪ.ቲ. (ከልብ የላይኛው ክፍል በኩል ድንገት የሚነሳ ፈጣን ምት) ይመስላል፣ ግን በኢ.ሲ.ጂ. (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) መያዝ አለበት። በጣም የተለመደው ዓይነት ከሆነ አብሌሽኑ (ምቱን የሚያዛባውን ቦታ በደም ሥር በገባ ቀጭን ቱቦ ማጥፋት) ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይሳካለታል። ከ100 አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ሰው ደግሞ የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ተጎድቶ ፔስሜከር (ልብን በባትሪ የሚያስመታ መሣሪያ) ያስፈልገዋል። በ34 ዓመት ፔስሜከር ማለት ባትሪ መቀየር በተደጋጋሚ ማለት ነው። ይህን ዕድል መሸከም ትችያለሽ? አንዳንዱ «ኪኒን ሰልችቶኛል፣ ጨርሱልኝ» ይላል። በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚነሳበት ደግሞ ምንም ሳይወስድ ይኖራል፣ እሱም ትክክል ነው። ለማርገዝ ካሰብሽ ከዚያ በፊት መጨረሱ ያዋጣል። ኢ.ሲ.ጂው ደብልዩ.ፒ.ደብልዩ. (ልብ ውስጥ ትርፍ የኤሌክትሪክ መስመር) ካሳየ ግን ወሬው ሌላ ነው፤ እሱን ችላ አትበይ።

እስከዚያው ሐኪምሽ ይህን እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ደገፍ ብለሽ 15 ሴኮንድ ታምጫለሽ፣ ወዲያው በጀርባሽ ተንጋልለሽ ሰው እግርሽን ለ15 ሴኮንድ ያነሳልሻል። በ2015 ጥናት በዚህ መንገድ ከ100 ሰው 43ቱ ተመልሶላቸዋል። እግር ሳይነሳ 17 ብቻ ነበር። ራስሽን የሚያስት ወይም ደረት የሚያም ከሆነ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ደረቱ ላይ ዲፊብሪሌተር ተገጥሞለታል። አሁን ካንሰሩ ተሰራጭቷል። «አጥፉልኝ» ይላል። ማጥፋት መግደል አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ይህን ቀስ ብለን እንየው።

መሣሪያው አደገኛ የልብ ምት ሲያገኝ በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልስ ነው፤ ሰው ላይ መጀመሪያ የተገጠመው በ1980 ነው። ሚሼል ሚሮቭስኪ የተባለ ሐኪም አለቃው በልብ ምት መዛባት ድንገት ሲሞትበት ነው ሐሳቡ የመጣለት። ያለ ቀኑ የሚሄደውን ሰው ለመመለስ የተሠራ ነው። አባትህ ግን በሌላ ሕመም እየሄዱ ነው። በመጨረሻው ሰዓት የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። መሣሪያው ያንን አይለይም፣ ይመታል። ነቅተው ከሆነ ደግሞ ደረታቸውን ፈረስ እንደረገጠው ነው የሚሰማቸው። ደጋግሞም ሊመታ ይችላል። አጠገባቸው የተቀመጠ ልጅ ይህን አይረሳም።

ማጥፋቱ ቀዶ ጥገና አይፈልግም፣ አያምም። ከውጭ በኮምፒውተር ነው። ልባቸው በዚያች ደቂቃ አይቆምም። ፔስሜከርም ካለው እሱ ለብቻው ሥራውን ይቀጥላል። የአሜሪካ የልብ ምት ሐኪሞች ማኅበር በ2010 ባወጣው ስምምነት ታካሚው ይህን መጠየቅ መብቱ እንደሆነ አስፍሯል። ሐሳባቸውን ከቀየሩ መልሶ ይበራል። ሌሊት በተደጋጋሚ ቢመታቸውና የሚያጠፋ ባለሙያ ባይገኝ፣ ደረት ላይ የሚቀመጥ የሕክምና ማግኔት የመሣሪያውን መምታት ለጊዜው ያስቆመዋል። አስቀድማችሁ ጠይቁና ቤት ይኑር።

ጥያቄ፦ ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን አብሌሽን ተሠርቼ ልቤ ጸጥ አለ። ደም ማቅጠኛውን ላቁም?

መልስ፦ ደህና ስለሆንክ ብቻ፣ አይሆንም። ቢያንስ 2 ወይም 3 ወር ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሚወስነው የስትሮክ ተጋላጭነትህ ነው።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ 10 ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጠኝ። ምን ብዬ ልጀምር?

መልስ፦ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጽፈህ ሂድ፦ በጣም የምትፈራው ምን እንደሆነና ከኑሮህ ልታጣው የማትፈልገው ምን እንደሆነ። አንድ ሰው ምት ስለሚያበርደው መድኃኒት «ቤታ ብሎከሩ አደከመኝ፣ ከሚስቴ ጋርም ተቸገርኩ» ለማለት 2 ዓመት ፈጀበት። መድኃኒቱ በ1 ቀጠሮ ተቀየረለት። «በግማሽ ይቀንሳል» ከተባልክ ደግሞ «ከ100 ሰው ስንቱ?» በል። ከ2 ወደ 1 ሊሆን ይችላል፣ ከ20 ወደ 10ም ሊሆን ይችላል።